ስድስተኛ ዓመቴን በአገር ቤት ሆስፒታል ልሥራው ወይስ እዚሁ ቻይና ልጨርስ?

ጥያቄ፦ ከአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ ቻይና

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጤና ይስጥልኝ። በእንግሊዝኛ በሚሰጥ የስድስት ዓመት የሕክምና ትምህርት አምስተኛውን ዓመት በማገባደድ ላይ እገኛለሁ። የመጨረሻው ዓመት ሙሉ በሙሉ የሆስፒታል ልምምድ ሲሆን ዩኒቨርሲቲያችን ሁለት መንገድ ሰጥቶናል። አንደኛው በራሱ ሆስፒታል ውስጥ መሥራት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በየአገራችን በሚገኝ የማስተማሪያ ሆስፒታል አሥራ ሁለቱን ወራት ሠርተን፣ እያንዳንዱ ክፍል ፈርሞና ማኅተም አሳርፎ የሞላውን የልምምድ መዝገብ (ሎግቡክ) ይዘን በመመለስ የመጨረሻውን ፈተና መውሰድ ነው። ምርጫዬን እስከ ወሩ መጨረሻ ማሳወቅ አለብኝ።

ወደ አገሬ እንድመለስ የሚገፋፋኝ አንደኛው ነገር ቋንቋ ነው። የቻይንኛ ችሎታ ፈተናውን፣ ኤችኤስኬ አራትን፣ አልፌአለሁ፤ ይህም ወደ 1200 ቃላት ማወቅ ማለት ስለሆነ ዕቃ ለመግዛትና መንገድ ለመጠየቅ አያንስም። በታካሚ አልጋ አጠገብ ስቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው። አዛውንቶቹ የሚናገሩት በአካባቢው ዘዬ ስለሆነ የቻይና ተማሪዎች ራሳቸው አንዳንዴ ምን እንደተባለ እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት እጄን ይዘው ብዙ ነገር ነገሩኝ፤ እኔ ግን ራሴን ከመነቅነቅ በቀር የመለስኩላቸው ነገር አልነበረም። ምን ብለውኝ እንደነበር ሳስበው እስካሁን ይከነክነኛል።

ሁለተኛው ነገር ወጪ ነው። አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አምስት ዓመት ሙሉ እኔን ለማስተማር የከፈሉትን ስለማውቅ አንድ ዓመት የቤት ኪራይና ቀለብ ባቀልላቸው ደስ ይለኛል። የምፈራቸው ነገሮችም አሉ። የአገር ቤት ሆስፒታሎች የራሳቸው ኢንተርኖች (የመጨረሻ ዓመት ተለማማጅ ሐኪሞች) ሞልተዋቸው ሳለ እኔን እንደ እንግዳ ዳር አቁመው ዓመቱ በከንቱ ያልፍብኝ ይሆን? በኋላ የሙያ ፈቃድ ስጠይቅ ያ ዓመት ይያዝልኛል? እዚህ በየቀኑ ከማያቸው ዘመናዊ መሣሪያዎች መራቄስ አይጎዳኝም? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም ተማሪ ተቀብላችሁ ያሠራችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1፦ ስድስተኛ ዓመቱን በአገር ቤት የሠራ

እህቴ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ይህንኑ መርጬ ስለነበር የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ስሄድ "ቋንቋውስ የራሴ ነው" ብዬ ተማምኜ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት በውስጥ ደዌ ክፍል ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ደረሱኝ። በትምህርት ቤት እንዳጠናሁት አድርጌ "እማማ፣ የትንፋሽ ማጠር አለብዎት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "የለብኝም ልጄ" አሉኝ፤ እኔም ካርዱ ላይ "የለም" ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ የነበረችው የሆስፒታሉ ኢንተርን ዝቅ ብላ "እማማ፣ ሌሊት ሲተኙ ስንት ትራስ ይደረግልዎታል?" ስትላቸው፣ "ኧረ ምን ትራስ አለኝ ልጄ፤ ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጬ ነው የማነጋው" ብለው መለሱላት። ልባቸው ደክሞ ሳንባቸው ውሃ ሲይዝ ጋደም ማለት ካቃታቸው ሰንብቷል፤ እኔ ግን "የለም" ብዬ ጽፌ ነበር። የተማርኩትን ጥያቄ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መመለሴ እንጂ በአማርኛ መጠየቄ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ደብተር ገዝቼ ታካሚዎች የሚሉትን እንዳለ መጻፍ ጀመርኩ፦ "ያጥወለውለኛል"፣ "ጎኔን ሰቅዞ ይይዘኛል"፣ "ቁና ቁና ያስተነፍሰኛል"፣ "ምች መታኝ"፣ "እህል አልቀምስ አለኝ"። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሲኒየሮቹ በምን እንደሚተረጉሙትና ቀጥለው ምን እንደሚጠይቁ አሰፍር ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ያ ደብተር ከየትኛውም መጽሐፌ በላይ ጠቅሞኛል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ እኔ የተጎዳሁት በዚህ ነውና። የተቀበለኝ ሆስፒታል የጻፈልኝ ደብዳቤ "ለምልከታ እንዲገኝ ተፈቅዶለታል" ይል ነበር። ምልከታና ልምምድ ልዩነታቸው አልታየኝም፤ መግባት መቻሌ ብቻ አስደስቶኝ ነበር። ቃሉ ግን ሁለት ጊዜ ዋጋ አስከፈለኝ። በመጀመሪያ፣ ተመልካች ነህ ተብዬ በዱቲ (የተረኝነት) ሰሌዳው ላይ ስላልተጻፍኩ ሌሊት የሚመጣውን ታካሚ አላየሁም። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዬ በሦስተኛው ወር ደብዳቤውን ሲመለከት "እኛ የምንፈልገው በኃላፊነት የሠራ ኢንተርን ነው" ብሎ እስከዚያ የሠራሁትን ሳይቆጥርልኝ ቀረ፤ ደብዳቤው ተስተካክሎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት ደብዳቤው "በኢንተርንነት፣ በክፍሉ ሐኪሞች ክትትል፣ የዱቲ ተራን ጨምሮ" እንዲል አድርጊ፤ በየክፍሉ የምትቆዪባቸው ሳምንታትም በቁጥር ይጻፉ።

ሎግቡኩን በተመለከተ ደግሞ ፊርማና ማኅተም እያንዳንዱን ክፍል በጨረስሽበት ቀን ውሰጂ እንጂ ለዓመቱ መጨረሻ አታከማቺው። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ በመሃል ለትምህርት ሄደው ኖሮ የተተኩት ሐኪም "ሲሠራ ያላየሁትን ሰው እንዴት አድርጌ እፈርማለሁ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የቀድሞውን ኃላፊ አፈላልጌ እስካገኝ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ስለ ፈቃዱ የጠየቅሽው በአጭሩ ይህ ነው። ዲግሪሽን ይዘሽ ስትመጪ ማስረጃዎችሽን በኤምባሲያችን አረጋግጠሽ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ታስወጫለሽ፤ ከዚያም ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የብቃት ምዘና ፈተና ይጠብቅሻል። በሁለቱም ቦታ ያ የልምምድ ዓመት የት፣ በማን ክትትል፣ ለስንት ወር እንደተሠራ መጠየቅሽ ስለማይቀር የሆስፒታሉን ደብዳቤና የዩኒቨርሲቲውን ፈቃድ ዋናውን ቅጂ ከእጅሽ አታውጪ።

መልስ 2፦ እዚያው ቻይና የጨረሰ

የወንድሜን ምክር አከብራለሁ፤ ሆኖም ሌላውን ወገን ሳትሰሚ እንዳትወስኚ እፈልጋለሁ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ቻይና በወረርሽኙ ምክንያት ድንበሯን ለውጭ ዜጎች ስትዘጋ፣ ለዕረፍት ብለው ወደ አገራቸው የሄዱት የክፍል ጓደኞቼ አብዛኞቹ እስከ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድረስ መመለስ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ቀዶ ሕክምናን በስልክ መስኮት፣ ያውም ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰዓት ተማሩ። እኔ ግቢው ውስጥ ተዘግቶብኝ ስለቀረሁ ያኔ ዕድለ ቢስ ነኝ ብዬ አዝኜ ነበር፤ በኋላ ግን ዋርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ገብቼ በጊዜዬ የጨረስኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ይመጣል ለማለት አይደለም። ነገር ግን ፈተናሽና ዲግሪሽ በአንድ አገር፣ አንቺ በሌላ አገር ስትሆኑ በመካከል የቪዛና የጉዞ ጉዳይ እንዳለ ከወዲሁ አስቢበት፤ የመኖሪያ ፈቃድሽ ከቻይና ውጭ ሳለሽ የሚያበቃ ከሆነ ለመመለሻው ቪዛ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ሳትይዢ አትውጪ።

ቋንቋውም ቢሆን እንዳሰብሽው ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። እኔም ስጀምር ከ"ናሊ ቡ ሹፉ?"፣ ማለትም "የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?" ከሚለው የዘለለ አልችልም ነበር። ማለዳ ሐኪሞቹ ታካሚዎችን ከሚዞሩበት ከራውንዱ አንድ ሰዓት ቀድሜ እየገባሁ ከአስታማሚዎቹ ጋር ማውራት ጀመርኩ፤ አስታማሚ ጊዜ አለው፣ ቀስ ብሎም ይናገራል። በአራተኛው ወር ላይ ራሴን ችዬ የታካሚ ታሪክ መቀበል ቻልኩ። በቀን የምታዪው የታካሚ ብዛት፣ የምርመራው ፍጥነት፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተሽ የምትረጂው ኦፕራሲዮን፣ ይህ ሁሉ ለሐኪም ትልቅ ሀብት ነው። ለአምስት ዓመት የከፈልሽበትን ነገር ፍሬው ሲደርስ ትተሽው እንዳትሄጂ እሰጋለሁ።

መልስ 3፦ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት፣ በማስተማሪያ ሆስፒታል

ልጄ፣ ከውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን ለብዙ ዓመታት ተቀብዬ ስላሠራሁ ከአስተማሪ ወገን ያለውን ላካፍልሽ። ከላይ የጻፉት ሁለቱም ልጆች ያዩትን በትክክል ተናግረዋል። ጥያቄው ግን ወደፊት ማንን ለማከም እንደምትዘጋጂ ነው። ሥራሽ በኢትዮጵያ ከሆነ ወደዚህ እንድትመጪ እመክርሻለሁ፤ ምክንያቴንም ላስረዳ።

ከውጭ የሚመጡት ልጆች የሲቲ ስካን ፊልም ሲያነቡ ከእኛዎቹ የሚሻሉበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የሃያ ዓመት ወጣት ደረጃ መውጣት አቅቶት ሲመጣ፣ በግራ ጎኑ አስተኝተው፣ የማዳመጫውን ደወል በልቡ ጫፍ ላይ አሳርፈው፣ ያንን ዝቅ ያለ የጉርምርምታ ድምፅ እስኪሰሙ በትዕግሥት መጠበቅን አልለመዱም። በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ቫልቭን የሚያጠብበው ይህ በሽታ በበለጸጉት አገሮች ከሞላ ጎደል የጠፋ ሲሆን፣ በእኛ ዋርድ ግን በየሳምንቱ ይገኛል። የጉሮሮ ሕመሙ ተመልሶ ልቡን ይበልጥ እንዳይጎዳ በየወሩ የሚሰጠውን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ አንዱ ወጣት ለምን እንዳቋረጠው ጠይቆ መረዳትም የሕክምናው አካል ነው፤ አንዳንዴ መልሱ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ስለጠፋ ይሆናል፣ አንዳንዴም የመኸር ሥራ ስለደረሰበት። በሕፃናት ክፍል በከባድ ምግብ እጥረት የተጎዳውን ልጅ ኤፍ 75 በሚባለው ቀለል ያለ የሕክምና ወተት ጀምሮ፣ ሲረጋጋ ቀስ በቀስ ኃይል ወደሚጨምረው ኤፍ 100 ማሸጋገር፣ በሰሜን ምዕራብ ከመተማና ከሑመራ እርሻ ተመልሶ ትኩሳቱ አልለቀው ባለ የቀን ሠራተኛ ላይ ከወባ ሌላ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን ካላ አዛርን መጠርጠር፣ እነዚህን ቻይና ውስጥ በመጽሐፍ እንጂ በአልጋ ላይ እምብዛም አታገኚያቸውም።

አንድ ሌሊት በማህፀንና ጽንስ ክፍል ያየሁትን ልጨምር። ለሌላ ታካሚ ምክር ተጠርቼ ስሄድ፣ ከውጭ አገር መጥታ ከእኛ ጋር ትሠራ የነበረች አንዲት ኢንተርን በእርግዝና ደም ግፊት ምክንያት አንቀጥቅጧት የገባች ወጣት እናት አጠገብ ቆማ አገኘኋት። መንቀጥቀጡን የሚከላከለውን ቀጣዩን ማግኒዝየም ሰልፌት ከመስጠቷ በፊት ጉልበቷን በመዶሻ መታ አድርጋ እግሯ መንቀሳቀሱን አየች፤ ሰዓቷን ይዛ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አለማነሱን ቆጠረች፤ የሽንት ከረጢቱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መውረዱን አረጋገጠች። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ ሽንት ካነሰ ተጠራቅሞ ትንፋሽን ሊያቆም ይችላልና። ክትትሉን ሁሉ በእጇና በዓይኗ ሠራችው። ስትመጣ ይህን አታውቅም ነበር፤ ያወቀችው በዱቲ ሰሌዳው ላይ ስሟ ተጽፎ ሌሊቱ የእሷ ኃላፊነት ስለሆነ ነው። እንግዳ ሆኜ እቀር ይሆን ላልሽው መልሴ እዚህ ላይ ነው፤ በዱቲ ሰሌዳው ላይ ስምሽ ካለ እንግዳ አይደለሽም።

ሆስፒታሉን ስትመርጪ ግን ተጠንቀቂ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአጭር ጊዜ ስለበዙ አንድ አልጋ ዙሪያ አሥራ አምስት ተማሪ የሚቆምበት ቦታ አለ፤ እዚያ ከገባሽ ፍርሃትሽ እውነት ይሆናል። የራሱ ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) ያሉት፣ በየማለዳው የሌሊቱ ታካሚዎች የሚቀርቡበት ስብሰባ የማይታጎልበት፣ ግን ተማሪ ያላጨናነቀው የክልል ከተማ ሆስፒታል ካገኘሽ ከትልቁ ስም ይልቅ እሱን ምረጪ።

ስለ ቋንቋው የተነሳው ነገር ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ያስታውሰኛል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች በሕፃንነቱ ይዘውት ሄደው፣ ሕንድ ውስጥ አድጎ ላሆር ላይ ሕክምና የተማረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም፣ ወደ አገሩ ሲመለስ አማርኛው ጠፍቶት ስለነበር ከወገኖቹ ጋር የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ነበር። ቋንቋውን እንደገና ተምሮ ነው ያገለገለው። አንቺ ቋንቋው አልጠፋብሽም፤ ሆኖም የታካሚ አማርኛ ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑን ወንድምሽ ባቀረበው የትራሱ ነገር አይተሻል። በምትመደቢበት አካባቢ አፋን ኦሮሞ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚነገር ከሆነ ደግሞ ሃያ ያህል የዋርድ ጥያቄዎችን ከመግባትሽ በፊት አጥኚ።

መልስ 4፦ ነርስ፣ ከእስራኤል

እኛ ዘንድም ልጆቻችን በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ እያጡ ወደ ሃንጋሪና ጣሊያን ሄደው ይማራሉ። ከዚያ ተመልሰው የመንግሥት ፈተና ያልፉና "ስታዥ" የሚባለውን የአንድ ዓመት ልምምድ በአገራችን ሆስፒታሎች ይሠራሉ፤ የእኔም ልጅ እንዲሁ ነው ያደረገው። የመጀመሪያውን ክፍል ቆጵሮስ፣ ኒቆሲያ ላይ ተምረው የክሊኒኩን ዓመታት በቴል ሃሾሜር በሚገኘው ሼባ ሆስፒታል የሚሠሩበት መርሐ ግብርም አለ።

ከእኛ ልምድ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ትምህርት ለሚጀምሩ ተማሪዎች የጤና ሚኒስቴራችን የሚቀበላቸውን የውጭ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ስላጠበቀ፣ ቤተሰቦች ገንዘብ ከፍለው ከጨረሱ በኋላ የደነገጡበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የገባሽበትን ዓመት ሕግና የምትጨርሺበትን ዓመት ሕግ ሁለቱንም በጽሑፍ ያዢ። ልጄ ስታዡን ሲሠራ ደግሞ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ አረጋውያን ሲመጡ ከየክፍሉ ይጠሩት ነበር። አንዲት እናት "የኛ ልጅ ነህ እንዴ?" ብለው ራሱን ሲዳብሱት፣ ስድስት ዓመት በባዕድ አገር የቆየበት ድካም ያን ቀን እንደወጣለት ነግሮኛል።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ካነበብኩ በኋላ ከአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል የተላከልኝን የቅበላ ደብዳቤ እንደገና አውጥቼ ሳየው "ለልምድ ልውውጥ" የሚል ሆኖ አገኘሁት። ዛሬ ማለዳ ለሆስፒታሉ የትምህርት ክፍል ጽፌ "በኢንተርንነት፣ የዱቲ ተራን ጨምሮ" ተብሎ እንዲስተካከልና የአራቱ ዋና ዋና ክፍሎች (የውስጥ ደዌ፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት፣ የማህፀንና ጽንስ) ሳምንታት በቁጥር እንዲጠቀሱ ጠይቄአለሁ። ለዩኒቨርሲቲዬም በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ ለፈተና የምመለስበትን የቪዛ ደብዳቤ ከመሄዴ በፊት እንዲሰጠኝ አመልክቻለሁ። ሁለቱ ከተሟሉልኝ ወደ አገሬ እሄዳለሁ፤ ካልተሟሉልኝ ግን እዚሁ እቆያለሁ፣ ማለዳም ከአስታማሚዎቹ ጋር ማውራት እጀምራለሁ።

ዶክተር፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ቅደም ተከተሉን እንድመርጥ ቢፈቅዱልኝ ከየትኛው ክፍል ብጀምር ይሻላል ይላሉ? ይዤ የምመጣው ነገርስ ይኖራል?

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት

ልጄ፣ ከውስጥ ደዌ ጀምሪ፤ ታሪክ መጠየቅና በእጅ መመርመር የሚደላደሉት እዚያ ነው፣ ሌሎቹ ክፍሎች በዚያ ላይ ይቆማሉ። ማህፀንና ጽንስን ወደ መጨረሻ አድርጊው፤ ሌሊቱ ከባድ ስለሆነ እጅሽ ከሠለጠነ በኋላ ቢሆን ላንቺም ለእናቶቹም ይበጃል። የራስሽን የልብ ማዳመጫ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የጉልበት መዶሻና ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ይዘሽ ነይ፤ በዋርዱ ያለው አንድ መለኪያ ሌሊት ላይ ከአልጋ አልጋ ሲዞር ላይደርስሽ ይችላል። ለዱቲ ክፍሉም ወፍራም ብርድ ልብስ አትርሺ።